የአስራ አንድ ደቂቃው ተጫዋች

ሪፖርት መጻፍ ሥራዬ ነበር። ጂንካ ውስጥ፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት፣ የስፖርት ባለሙያ ተብዬ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ስፖርቱን ግን የምሠራው ወረቀት ላይ ነበር። ሦስት ልጆች የተቀዳደደ ኳስ ሲያንከባልሉ ካየሁ «ወጣቶችን ያሳተፈ ውድድር ተካሄደ» ብዬ እጽፋለሁ። መረብ ኳሱ መረብ ከሌለው «በአማራጭ ግብዓት ተካሄደ» እላለሁ፤ አማራጭ ግብዓት የተባለው የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ማንም አልከሰሰኝም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተመስግኛለሁ። ከእኔ የሚቀበለው ሰው ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ ምን እንደሚያደርገው እግዜር ይወቀው። ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት አይደለም። ስለ አንድ ሰው ላወራችሁ ነው፤ ያ ሰው ምን ዓይነት እጅ ላይ እንደወደቀ አስቀድማችሁ እወቁት ብዬ ነው።

ሰውየው የዌልስ ብሔራዊ ቡድን የራግቢ ተጫዋች የነበረ ነው። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ገደማ፣ የውሃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ለአምስት ሳምንት ጂንካ መጣ። በሀገሩ የቤት ጣሪያ ሠራተኛ ነው። አንገት የሚባል ነገር አልፈጠረለትም፤ ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ ነው የተቀመጠው። ጆሮዎቹ እንደ ጠወለገ ጎመን ተጨማደዋል። ቀኝ ጉልበቱ ተቀዶ የተሰፋ ስለሆነ ደረጃ ሲወርድ በጎኑ ነው የሚወርደው። ከሻንጣው ይልቅ የሚሳሳለት አንድ ከረጢት ነበረው፤ ውስጡ ሞላላ ኳስ ሞልቶበታል። የከተማችን ልጆች ኳሶቹን መጀመሪያ ሲያዩ መኪና የሄደባቸው መስሏቸው «ውይ፣ ምስኪን!» ብለው አዘኑለት።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ራግቢ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ኃላፊያችን ግን «የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች» የሚለውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኃላፊያችን ስብሰባ የሚወዱ፣ ከእኔ በአራት ዓመት ብቻ የሚበልጡ፣ ግን «ጋሼ» ካልተባሉ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፉ ሰው ነበሩ። «አዳራሽ ይያዝ! ሰንጋ ይታረድ! አንተ ታስተረጉማለህ» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ የሚያስመካ ሆኖ አይደለም፤ የሌሎቹ ከእኔ የባሰ ስለነበር ነው።

እኔም የራሴ ጉጉት ነበረኝ፤ ምን ልደብቃችሁ። ሰውየው በመጣ በማግስቱ፣ የቀድሞ ክለቡ ከእኛ ዘንድ አንድ ሰው ወስዶ ለሦስት ወር አሰልጣኝነት ሊያስተምር ፈቃደኛ እንደሆነ አጫውቶኛል። ያ አንድ ሰው ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን ነው? በልቤ ሻንጣዬን አሽጌ ጨርሻለሁ። ነገር ግን እንግዳው በኃላፊያችን ዓይን ትልቅ ሰው መሆን ነበረበት። ትንሽ ሰው ነው ከተባለ መኪና አይፈቀድለትም፣ ደብዳቤ አይጻፍለትም፣ ያመጣውም ዕድል ውሃ ይበላዋል።

የአቀባበሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው መጥተዋል፤ የመንግሥት ሠራተኛው በር ላይ እየፈረመ እንዲገባ ታዟል። ኃላፊያችን በአዲስ ከረባት ተነሥተው «እንግሊዛዊው የዓለም ኮከብ!» ብለው ጀመሩ። ሰውየው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ደም መሰለ። «እንግሊዝ አይደለሁም፤ ከዌልስ ነኝ፤ ንገራቸው» አለ። ነገርኳቸው። «ያው ነው፣ ያው ነው» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። እኔ የአሪ ልጅ ነኝ። ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ጸሐፊ የሕዝቤን ስም አበላሽቶ ፎርም ላይ ሲሞላ፣ ስናርመውም «ያው ነው» ሲለን ስንት ጊዜ አንጀቴ አሯል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሰውየውን ወደድኩት። መውደዴ ግን ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጉድ እንዳልሠራው አላገደኝም።

ተራው ደረሰና ተነሣ። ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ስለ ግብዣው አመሰገነ። ከዚያ «ትልቅ ተጫዋች ነው ብለዋችሁ ከሆነ ይቅርታ» አለ። «ለሀገሬ የተጫወትኩት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱንም አስራ አንድ ደቂቃ።»

አዳራሹን አየሁት። የታረደውን ሰንጋ አሰብኩ። የኃላፊያችንን ከረባት አየሁ። አስራ አንድ ደቂቃ! እኛ ቤት እኮ አስራ አንድ ደቂቃ ለመክፈቻ ንግግር መግቢያ እንኳን አይበቃም። ምን ይዋጠኝ? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለሀገሬ አስራ አንድ ዓመት ተጫውቻለሁ ነው የሚሉት» አልኩ።

አዳራሹ ተናጋ። ተማሪዎቹ ተነሡ፣ መምህራኑ ተነሡ፣ መጨረሻ ላይ ኃላፊያችንም ከረባታቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ሰውየው ማይክራፎኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለአስራ አንዷ ደቂቃ የተጨበጨበ መስሎት ነው።

ከአዳራሹ ወጥተን በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በኩል በእግር ሄድን። ያኔ ማረፊያው ከተማው መሀል ነበር፤ ሣር ለብሶ፣ አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሰውየው በመንገዳችን ላይ የተጫዋችነት ዘመኑን ሁሉ ዘረገፈልኝ። አባቱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። እሱ በዘጠኝ ዓመቱ ራግቢ ጀመረ። አስራ አምስት ዓመት ለመንደሩ ክለብ፣ ከፊት መስመር፣ በግፊያው ላይ ተጫወተ፤ ግፊያ ማለት ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ራሱን ቆልፎ እንደ በሬ የሚገፋፋበት ነው። ጆሮውን እዚያ ጨረሰው። ለብሔራዊ ቡድን ስድስት ጊዜ ተጠርቶ ስድስቱንም ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። በሰባተኛው፣ ጨዋታው ሊያልቅ አስራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው ተጎዳና «ግባ» አሉት። ገባ። በመጨረሻው ግፊያ ጉልበቱ ተሰበረ። ቡድኑም ተሸነፈ። ሁለተኛ አልተጠራም።

«ኮፍያ ሰጡኝ» አለኝ። እነሱ ዘንድ መቶ ጊዜ የተጫወተም አንድ ደቂቃ የገባም እኩል አንድ ኮፍያ ይሰጠዋል፤ ስሙም መዝገብ ላይ ይገባል። «ግን በመንደሬ ስሜ ጠፋ። መጠጥ ቤት ስገባ ‹አስራ አንድ ደቂቃ መጣ!› ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አሳቀቁኝ። በኋላ ብልሃት አገኘሁ፤ እነሱ ሳይሉኝ እኔ ቀድሜ እላለሁ። ዛሬም ቀድሜ ተናገርኩ፤ ትስቃላችሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። እናንተ ግን ተነሣችሁ።» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «እኛ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነን» አልኩ። አይ እኔ! ምላሴ ያኔ ቢቆረጥ ምናለ።

ሰውየው ለከተማው ልጆች የሚሰጠው የራግቢ ልምምድ በማግስቱ ተጀመረ። ራግቢ ላይ ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ፊት ለመሄድ ኳሱን ወደ ኋላ ትሰጣለህ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ኃላፊያችን ግን ሊጎበኙ መጥተው ሲሰሙት በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይሄማ ከእኛ አሠራር ጋር ይሄዳል» አሉ። መኪናም ፈቀዱ። በየቢሮው «የአስራ አንድ ዓመቱ ኮከብ» እየተባለ ይወራል። እኔም የዚያን ሳምንት ሪፖርቴ ላይ አሰፈርኩት፤ እንግዲህ የተጻፈ ነገር አይሰረዝም።

በአራተኛው ሳምንት ገዘር ወጣን። ገዘር የተወለድኩባት ናት፤ ደጋ ናት፣ ጭቃዋ ጫማ ይውጣል። ካፊያው ሲጀምር እኛ ጥላ ስንፈልግ ሰውየው ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ «አሁን አገሬ ገባሁ» አለ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አስራ ስድስት ልጆች መርጦ ግፊያውን አስጀመረ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ አጥሩን ከቦ ያያል። ልጆቹ ራሳቸውን ቆልፈው፣ ጭቃው ውስጥ እያቃሰቱ መገፋፋት ሲጀምሩ አንድ ጩኸት ሰማን። ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው አጥሩን አልፈው ገቡ። «ተው! በሕግ አምላክ ተው!» እያሉ መሀል ገብተው ልጆቹን ለያዩዋቸው። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ጭቃው ላይ አስቀመጡና «ነገሩ የምን ነው? የመሬት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጨዋታ ነው ብንላቸው ማን ይሰማል። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ? ፈረንጅ ልጆቻችንን ሲያፋጅ ቆመህ ታያለህ?» ብለው ተቆጡኝ። ነገሩ የበረደው ልጆቹ ተሳስመው ይቅር ከተባባሉ በኋላ ነው። ሰውየው ምን እንደሆነ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስጫወት በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ጆሮዬ ይተርፍ ነበር» አለ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ምስጋና ሊያቀርብ ተነሣ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ጎበዝ ወጣት ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በጥርት ያለ እንግሊዝኛ «ለአስራ አንድ ዓመታት ለሀገራቸው ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱት ታላቁ እንግዳችን» አለ። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ለመምህሩ በእጁ ሰላምታ ሰጠ፣ ልጆቹን ተሰናበተ፣ መኪና ውስጥ ገባ።

ገዘርን ከወጣን በኋላ ነው አፉን የከፈተው። «የመጀመሪያው ቀን የተጨበጨበው ለዚያ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«እኔ እኮ አንተን ምንም አላስቸገርኩህም» አለ። «ያለችኝ አስራ አንድ ደቂቃ ናት። የእኔ ናት። ጉልበቴን ከፍዬባታለሁ። አንተ አነሰችብህና በሰዎች ፊት ጣልካት።» ድምፁን አላነሣም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሾፌሩ ቋንቋው ባይገባውም ሬዲዮውን ዘጋ። «አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ» አለኝ። «ሽኝቱ ላይ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ለእነዚያው ሰዎች እውነቱን ትነግርልኛለህ። ከሳቁ ይሳቁ። ለምጄዋለሁ።»

እሺ አልኩ። ማልልን ካላችሁኝ ያን ዕለት እሺ ያልኩት ከልቤ አልነበረም። ስልጠናውስ? ኃላፊያችን «መሥሪያ ቤቱን አዋረድክ» ብለው ስሜን ቢፍቁትስ? ደግነቱ ኃላፊያችን ራሳቸው ገላገሉኝ። በሽኝቱ ዋዜማ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ ወደ ዌልስ ለአሰልጣኝነት ስልጠና እንዲሄዱ ኮሚቴው ኃላፊያችንን መርጧል ይላል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ያችን ሞላላ ኳስ አንድ ጊዜ እንኳን በእጃቸው አልነኳትም። ወረቀቱን አንብቤ እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ እውነት መናገር ቀለለኝ፤ እልህም ነበረበት፣ አልዋሽም።

በሽኝቱ ዕለት አዳራሹ እንደገና ሞላ። ሰውየው ተነሣና ዓይኔን እያየ በዝግታ ተናገረ። «ለሀገሬ የተጫወትኩት አስራ አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ አልበለጠም። ከዚያ በላይ የሰማችሁ ካላችሁ ስህተት ነው።»

ማይክራፎኑን ተቀበልኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ደቂቃ አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ኃላፊያችን ተነሡ። «አያችሁ?» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ትሕትና ማለት ይሄ ነው! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ አስራ አንድ ደቂቃ ነው ይለናል! እኛ ግማሽ ሥራ ሠርተን ሙሉ ሪፖርት የምናቀርብ ሰዎች ከዚህ ታላቅ ሰው እንማር!» ይህን ሲሉ ደግሞ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ትሕትና አይደለም» አልኩ በማይክራፎኑ። «እውነቱ ይሄ ነው። ያን ዕለት ዓመት ያልኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊያችን ከት ብለው ሳቁ። «አያችሁ! ትሕትናው ወደ አስተርጓሚውም ተጋባ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ከዚያ በፊትም በኋላም ጂንካ ላይ አልሰማሁም። ሃያ ዓመት ስዋሽ ያመነኝ ሕዝብ እውነት በተናገርኩባት በዚያች አንድ ቀን አላምን አለኝ።

ሰውየው ክንዴን ያዘ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ነገርካቸው?» አለኝ።

«ነገርኳቸው» አልኩ።

«ደቂቃ ብለህ?»

«ደቂቃ ብዬ። ሁለት ጊዜ።»

«ያ ሽማግሌ ምን አለ?» ሽማግሌ ያለው ኃላፊያችንን ነው።

«ከአንተ እንድንማር መከሩን» አልኩ።

«እና ይሄ ሁሉ ጭብጨባ...?»

«ላንተ ነው» አልኩት። የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ አንዲት ውሸት የለችበትም። ያ ግዙፍ ሰው አቅፎኝ፣ የተጨማደደ ጆሮው ጉንጬ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ጀርባውን እየመታሁ አፌን ዘጋሁ። ምን ቆርጦኝ ልንገረው?

ኃላፊያችን ሦስት ወር ዌልስ ቆይተው ጃኬት ገዝተው ተመለሱ። ራግቢው እኛ ዘንድ ከሰውየው ጋር አብሮ ሄደ፤ ኳሶቹ አንዳንዶቹ ፈነዱ፣ አንዳንዶቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። እኔም ከዚያ መሥሪያ ቤት ወጥቻለሁ። ሰውየው በየገናው ይጽፍልኛል፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «አዳራሹን ሰላም በልልኝ» ይላል።

ባለፈው ዓመት ግን ከሴት ልጁ ነው መልእክት የመጣልኝ፤ ስልክ ቁጥሬን አባቷ ሰጥቷት ነው። አባቷ አስራ አንዷን ደቂቃ በመጠጥ ቤት በኩራት መናገር ከጀመረ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ከተማ ሙሉ እውነቱን ሰምቶ ተነሥቶ እንዳጨበጨበለት ለሰው ሁሉ ይናገራል። ጓደኞቹ አላመኑትም። እስከ ዛሬ በአስራ አንድ ደቂቃው ይቀልዱበት ነበር፤ አሁን ደግሞ ውሸታም ብለውታል። በስተርጅናው ከቤት መውጣት ትቷል አለችኝ። «አባቴ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም» ብላ ጻፈች። «እርስዎ እዚያ ነበሩ። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ለእነሱ አነብላቸዋለሁ።»

ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። ስንት ሪፖርት ስጽፍ አንድ ቀን እንኳን ብዕሬ ያልተያዘብኝ ሰውዬ፣ ሁለት መስመር መልእክት አቃተኝ። ውሸታም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ቀንበር የማወጣውም በሌላ ውሸት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ተቀምጬ ጻፍኩላት፦ «አባትሽ እውነቱን ነው። አስራ አንድ ደቂቃ አለ፣ እኔም አስራ አንድ ደቂቃ ብዬ ተረጎምኩ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ ስሜን ጥሪላቸው።» አዳራሹ ለምን እንዳጨበጨበ ብቻ አልጻፍኩም። ላክሁት፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።